ከኢንስፔክሽን እስከ ቁልፍ

ትናንት የገዛነውን ቤት ቁልፍ ተቀበልን። ይህን የምጽፈው ባዶ ሳሎን ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው። ልጆቹ አንደኛው ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል። ባለቤቴ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ እየወለወለች ነው። እኔ ደግሞ ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ቁጭ አልኩ። በተለይ ከኢንስፔክሽኑ ቀን፣ ማለትም ቤቱ በባለሙያ ከተፈተሸበት ቀን፣ እስከ ትናንት ያሉትን 37 ቀናት።

እዚህ አሜሪካ ቤት ስለመፈለግ ብዙ ሰው መክሮኛል። ስለ ዳውን ፔይመንትም (ገዢው ከኪሱ ስለሚከፍለው ቅድመ ክፍያ)፣ ስለ ክሬዲትም (ስለ ብድር አከፋፈል ታሪክ)። ስለነዚህ ቀናት ግን የነገረኝ የለም። “ኢንስፔክሽኑን ካለፍክ ከዚያ በኋላ ወረቀት ብቻ ነው” ነበር የሚሉኝ። እኔም አምኜ ዕቃ ማሸግ ጀምሬ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ሦስት ሰዓት ያህል ቤቱን ሲያገላብጥ አብሬው ዞርኩ። ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ቤዝመንት (ከምድር በታች ያለው ወለል) ወረደ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ከፈተ። በማግስቱ 62 ገጽ ሪፖርት በኢሜይል መጣ። በየገጹ ፎቶ፣ በየፎቶው ቀይ ቀስት። ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩት። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የሚፈርስ ቤት ልገዛ ነው ብዬ አሰብኩ።

ጠዋት ለኤጀንታችን፣ ለቤት ደላላችን፣ ደወልኩ። የአገር ልጅ ናት። “ወንድሜ፣ ረጋ በል” አለችኝ። “የላላ የበር እጀታም፣ የተሰነጠቀ መሠረትም በአንድ ሪፖርት ውስጥ እኩል ፎቶ አላቸው። ለይተን እንያቸው።” አብረን ለየናቸው። ቤቱን የሚያቆሙትንና ሰው የሚጎዱትን በአንድ ወገን አደረግን። ጣሪያ፣ መሠረት፣ ውሃ የሚያስገባ ቦታ፣ ኤሌክትሪክ፣ የፍሳሽ መስመር። የቀረውን ቀስ ብለን ራሳችን የምናደርገው ብለን ተውነው። 62 ገጽ ሦስት ጥያቄ ሆነ።

አንደኛው ያረጀው የኤሌክትሪክ ሳጥን ነው። ሁለተኛው ውሃ የሚያስገባ የቤዝመንት መስኮት። ሦስተኛው ራዶን። ራዶን ከአፈር ወደ ቤት የሚገባ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ብዙ ዓመት ሲተነፍሱት የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መጠኑ 4 ፒኮኪዩሪ በሊትር (የራዶን መለኪያ ነው) እና ከዚያ በላይ ከሆነ አስተካክሉት ይላል። የእኛ 6.2 ነበር። ልጆቼ ቤዝመንት ውስጥ ሊጫወቱ ነው ብዬ ሳስብ ሆዴ ቦጭ አለ። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው። ከወለሉ ሥር ቱቦ ያስገቡና በማራገቢያ ጋዙን ወደ ውጭ ያወጡታል። ሻጮቹ እሱንና የኤሌክትሪክ ሳጥኑን እሺ አሉ። መስኮቱን እምቢ አሉ። እኛም ተስማማን።

እዚህ ላይ ቀን መቁጠር የሚባል ነገር አለ። ውሉ ከኢንስፔክሽን በኋላ ጥያቄ የምታቀርብበትን ቀን ቆርጦ ያስቀምጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተስማማህ ቀብድህን ይዘህ መውጣት ትችላለህ። ቀኑ ካለፈ ግን በኢንስፔክሽን ሰበብ መውጣት አይቻልም፤ ቀብዱም ሊቀር ይችላል። እኔ ስልኬ ላይ ማስታወሻ ሞልቼ ነበር፤ ከሁለት ቀን በፊት የሚጮኸውን፣ ከአንድ ቀን በፊት የሚጮኸውን። ደግ አደረግኩ እላለሁ። ጥገናውንም ቢሆን ፈቃድ ባለው ባለሙያ መሠራቱንና ደረሰኝ መኖሩን በጽሑፍ ጠየቅን።

ከዚያ ዝምታ መጣ። ኤጀንቷ አትደውልም። ሻጭ አይደውልም። ነገር የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ለካ በዚያ ዝምታ ውስጥ እኔ የማላያቸው አራት አምስት ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው። አንዱ ቤቱን ይገምታል። አንዱ የባለቤትነት መዝገብ ያገላብጣል። አንዷ የእኔን ሕይወት በወረቀት ታነባለች።

ገማቹ ከውሉ ዋጋ 7,000 ዶላር ዝቅ አድርጎ ገመተው። ባንክ የሚያበድረው ከውሉ ዋጋና ከግምቱ ባነሰው ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን አንድ ሰው መሸፈን አለበት። ሻጮቹ 4,000 ቀነሱ፣ እኛ 3,000 ጨመርን። ነገሩ በሁለት ቀን አለቀ። ሶፋ ሳንገዛ የምንቆይ መሆኑን ግን ያኔ አወቅን።

ስለ አንደርራይተሯ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ። ብድሩን የምታጸድቀው እሷ ናት። አይቻት አላውቅም፣ ድምጿንም አልሰማሁም። ጥያቄዋ በሎን ኦፊሰሩ፣ ብድራችንን በሚያስተናግደው ሠራተኛ፣ በኩል ይመጣል። መጀመሪያ “በቅድመ ሁኔታ ጸድቋል” የሚል መጣ። ደስ አለኝ። ከሥሩ የቅድመ ሁኔታዎቹ ዝርዝር ነበር። ያለፉት ሁለት ወራት የባንክ ወረቀት ሙሉ ገጹ ይላክ፣ ባዶው ገጽ ሳይቀር። የሥራ ለውጡን አስረዳ። እና ዋናው፦ ይህ 10,000 ዶላር ከየት መጣ?

የባለቤቴ ዕቁብ ነበር። በ20 ሰው የሚጣል፣ ለሦስት ዓመት ያልተቋረጠ ዕቁብ። ወጣላት፣ ባንክ አስገባችው። ለእኛ ከዚህ የጠራ ገንዘብ የለም። ለአንደርራይተሯ ግን ከሰማይ የወረደ ብር ነው። ብድር ይሁን፣ ስጦታ ይሁን፣ ማንም ሊነግራት አልቻለም። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። “በላቤ ያጠራቀምኩትን እንደ ሌባ እየጠየቁኝ ነው” አለች። አንጀቴን በላችው።

ያዳነን የዕቁቡ ሰብሳቢ ደብተር ነው። ጋሽዬ ሁሉንም ስም፣ ቀን፣ መጠን በእጅ ጽፈው ይይዛሉ። ደብተሩን ፎቶ አነሳነው፣ ትርጉሙን አያያዝን፣ እሳቸውም ደብዳቤ ፈረሙልን። ባለቤቴ በየወሩ ስትከፍል የነበረው ከሒሳቧ መውጣቱን ከባንክ ወረቀቷ ላይ አሰመርንበት። የወጣውና የገባው ገጠመ። ተቀበሉን። ሌላ ባንክ ላይቀበል ይችል ነበር። ስለዚህ ዕቁብ የሚወጣላችሁ ወይም ቤተሰብ የሚያግዛችሁ ከሆነ ገንዘቡ ቀደም ብሎ ሒሳባችሁ ውስጥ ይግባ። ሁለት ሦስት ወር ይቀመጥ። የቤተሰብ ስጦታ ከሆነም እንደማይመለስ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ሰጪውም ያንን ቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ደወለ። አብሮ አደጌ ነው፣ ወንድሜ ማለት ይቻላል። “መኪና ልወስድ ነው፣ ኮሳይን አድርግልኝ” አለኝ፤ ለብድሩ አብሬው እንድፈርም ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሳልጠይቀው እሄድ ነበር። ግን ኮሳይን ያደረግከው ዕዳ በክሬዲትህ ላይ እንደ ራስህ ዕዳ ይቆጠራል። ባንኩ ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ክሬዲትህን እንደገና ያያል፤ አሠሪህ ጋም ደውሎ አሁንም ሥራ ላይ መሆንህን ያረጋግጣል። እነዚህ ቀናት ሥራ የሚቀየርባቸው አይደሉም። መኪና፣ በዱቤ የቤት ዕቃ፣ አዲስ ካርድ፣ ምንም። “ቤቱ እስኪያልቅ አልችልም” አልኩት። “ገባኝ” አለ፣ ግን ድምፁ ተለወጠ። ለሁለት ሳምንት አልደወለም። ከ62 ገጹ ሪፖርት ይልቅ ይሄ ነው የከበደኝ።

የባለቤትነት መዝገብ ሲፈተሽ ደግሞ አንድ የቆየ ብድር ተገኘ። ሻጮቹ ከዓመታት በፊት ከፍለው ጨርሰውታል። መከፈሉን የሚገልጸው ወረቀት ግን መዝገብ ቤት አልገባም። ያንን እስኪያገኙ ክሎዚንጉ፣ የመጨረሻው ፊርማና ርክክብ፣ በአራት ቀን ተገፋ። አራት ቀን ትንሽ ይመስላል። እኛ ግን የወለዱን መጠን እንዳይለወጥ ለ45 ቀን ብቻ ነበር ያስቆለፍነው። ካለፈ ማራዘሚያው በክፍያ ነው። ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ፈረምን። መዝገቡን የሚያየው ኩባንያ ኢንሹራንስም ይሸጣል። ግዴታ የሆነው ባንኩን ብቻ ይጠብቃል፤ ገዢውን የሚጠብቀው ለብቻው ነው፣ አንድ ጊዜ ይከፈላል። ያ የቆየ ብድር ሳይታይ ቢያልፍስ ብዬ አሰብኩና የእኛንም ገዛሁ።

ክሎዚንጉ አምስት ቀን ሲቀረው ከዚሁ መዝገብ ከሚያየው ኩባንያ የተላከ የሚመስል ኢሜይል መጣ። “የሒሳብ ቁጥራችን ስለተቀየረ ገንዘቡን ወደዚህ ይላኩ” ይላል። አርማው ያው ነው። የቤታችን አድራሻ በትክክል ተጽፏል። የሚፈረምበት ቀንም ትክክል ነው። ልልክ ነበር። ባለቤቴ ናት “ቆይ፣ ደውል” ያለችኝ። ኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን በወረቀት በተሰጠን ቁጥር ደወልኩ። የላኩት እነሱ አይደሉም። የላኪውን የኢሜይል አድራሻ ደግሜ ሳየው አንድ ፊደል ተለውጦ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ። የስምንት ዓመት ቁጠባ ነው። በዋየር (ከባንክ ወደ ባንክ በሚተላለፍ ሐዋላ) የሄደ ገንዘብን ማስመለስ በጣም ከባድ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህችን አንቀጽ ያንብብልኝ።

በሕጉ መሠረት የመጨረሻው የሒሳብ ዝርዝር ከመፈረሙ ቢያንስ 3 የሥራ ቀናት በፊት ገዢው እጅ መግባት አለበት። ክሎዚንግ ዲስክሎዠር ይሉታል፣ አምስት ገጽ ነው። መጀመሪያ ብድር ስንጠይቅ ከተሰጠን ግምት ጎን አስቀምጬ መስመር በመስመር አየሁት። ወለዱ ያው ነው? ወርሃዊ ክፍያው? ባንኩ ለራሱ የሚወስደው ክፍያ እንዲሁ ሊጨምር አይችልም። የራዶኑን ማሠሪያ እኛ ከፍለን ሻጮቹ በሒሳብ እንዲያስቡልን ተስማምተን ነበር፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን አልገባም። ደወልን፣ ገባ። ባናነበው ኖሮ ይቀር ነበር።

ለመፈረም ስንዘጋጅ የስሜ ነገር ተነሳ። መታወቂያዬ ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ ባንክ ላይ በሌላ፣ የድሮ ክሬዲት ላይ የአያቴ ስም የአባቴን ቦታ ይዞ። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንዲህ ነው የሚሆነው። “እነዚህ ሁሉ እኔ ነኝ” የሚል ወረቀት አለ፣ እሱን ፈረምኩ። የቤቱ ሰነድ ላይ ግን ስሜ ልክ እንደ መታወቂያዬ እንዲጻፍ ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ።

በፈረምንበት ጠዋት ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ ዞርነው። ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፈትን። ምድጃውን ለኮስን። አዲሱን የኤሌክትሪክ ሳጥን አየን፣ ደረሰኙን ተቀበልን። ራዶኑን የሚያወጣው ማራገቢያ ይሠራል። ከዚያ ሄደን አንድ ሰዓት ያህል ፈረምን። አንድ ነገር ጠየቅኩ፦ “ከፈረምኩ በኋላ ሦስት ቀን የመመለሻ ጊዜ አለ ይባላል?” ያ ያለውን ብድር ለሚቀይር ሰው ነው እንጂ ቤት ለሚገዛ የለም አለችኝ አስፈራሚዋ። ስለዚህ የብድሩን ውል ቀስ ብዬ አነበብኩት። ሰዎቹ ጠበቁኝ። የመጀመሪያ ክፍያችን ሜይ 1 ነው። አሁን ማርች አጋማሽ ላይ ነን። ያቺን ነፃ የምትመስል ወር ዕቃ ልንገዛባት አሰብን፤ ተውነው። የቤዝመንቱ መስኮት አለ።

ሰዓቱ መሽቷል። ማራገቢያው በስሱ ይሰማል። ነገ ቁልፍ የሚቀይር ሰው ይመጣል። ቅዳሜ ዕቃ እናመጣለን። ጓደኛዬ ማታ ደውሎ “የጭነት መኪናውን እኔ ነኝ የምነዳው፣ ሌላ ሰው እንዳትጠራ” ብሎኛል። የመኪናውን ጉዳይ አላነሳም። ቅዳሜ ዕቃውን አውርደን ስንጨርስ እኔ አነሳለታለሁ።