የጥንቸል ዓይን ያበጠ እንደሆነ

ጎንደር ውስጥ ጥንቸል የሚያረቡ ቤተሰቦች ብዙ አይደሉም፤ ሥጋዋ በእምነት ምክንያት ስለማይበላ፣ በየግቢው የምትገኘው ባመዛኙ ለልጆች መጫወቻ ሆና ነው። ከዚህም የተነሣ ይመስለኛል፣ ዓይኗ ወደ ውጭ ሲገፋ ወይም ነጭ ነገር ሲይዘው ብዙዎች «ካንሰር ነው፣ አትድንም» ብለው ከወሰኑ በኋላ ወደ እንስሳት ሐኪም የሚመጡት።

እውነተኛ ዕጢ በጥንቸል ዓይን ላይ አይወጣም ማለት አይደለም፤ ሊምፎማን የመሰለ ካንሰር ዓይንን ሊይዝ ይችላል፤ ሆኖም አልፎ አልፎ የሚታይ ነው። በወጣት ጥንቸል አንድ ዓይን ውስጥ የሚታየው ነጣ ያለ እባጭ ብዙውን ጊዜ ኤንሰፋሊቶዙን ኩኒኩሊ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ያመጣው ነው፤ ተሕዋሱ ከእናቲቱ ወደ ፅንሱ ተላልፎ በመሠራት ላይ ባለው ሌንስ ውስጥ ይቀመጥና፣ ቆይቶ የሌንሱ ሽፋን ሲቀደድ ብርቱ ብግነት ይነሣል።

ዓይኑ ራሱ ጤነኛ ሆኖ የተገፋ ከሆነ ግን አስቀድሞ አፏ ይመርመር። የጥንቸል 28 ጥርሶች ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ፤ ድርቆሽ እያላመጠች ካልሞረደቻቸው፣ የላይኛው መንጋጋ የጥርስ ሥር ወደ ዓይን ጉድጓድ ይገፋና መግል ይቋጥራል። ከአዘዞ የመጣች አንዲት ጥንቸል፣ ልጆቹ በፍቅር ዳቦና ካሮት ብቻ ሲመግቧት የኖረች፣ ዓይኗ እንዲወጣላት ተጠይቆ ሳለ ሕመሙ የተገኘው መንጋጋዋ ላይ ነበር። የጥንቸል መግል እንደ አይብ የጠጠረ በመሆኑ በመርፌ አይመጠጥም፤ የታመመውን ጥርስ ሳይነቅሉ አንቲባዮቲክ ብቻ ማዘዝም፣ በእኔ እምነት፣ ሕመሙን ማራዘም ነው።

ሁለቱም ዓይኖች አብረው ወጣ ካሉ፣ በተለይም ስትደነግጥ የሚብስባት ከሆነ፣ የደረት ራጅ ያስፈልጋል። በዕድሜ በገፉ ጥንቸሎች ደረት ውስጥ፣ ታይመስ በተባለው ከልብ ፊት ለፊት ባለ አካል ላይ የሚያድገው ዕጢ፣ ከራስ ወደ ልብ ደም የሚመልሱትን ሥሮች ተጭኖ ዓይኖችን ያስወጣል፤ ዕጢው በእርግጥ አለ፣ ቦታው ግን ዓይን አይደለም።

ዓይኑን ማውጣት ግድ ሲሆን፣ ከበስተኋላው ሰፊ የደም መላሽ ቋት ስላለ ሐኪሙ ለብርቱ መድማት ይዘጋጃል። ባለቤቶች ደግሞ ለሰው እንደሚደረገው ከዋዜማው ምሽት ጀምረው ምግብ ባይከለክሏት መልካም ነው፤ ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፣ ስትራብም አንጀቷ ሥራውን ሊያቆም ይችላል።