ኮዱ ዩሪያውን ከሰሰ፣ ጥፋቱ ግን ሌላ ቦታ ነበር

ከጅቡቲ ጭነው የሚመለሱ ከባድ መኪኖች አዳማ ላይ ጋራዥ ሲገቡ ድሮ ችግራቸው ፍሬን፣ ጎማ ወይም ፍሪሲዮን ነበር። አሁን ሌላ በሽታ ተጨምሯል። ጭሱን ለማጽዳት የሚረጨው ፈሳሽ፣ የዩሪያ መብራት በርቶ፣ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን የቆረጠበት መኪና።

ስለ አንዱ ላውጋችሁ። ሹፌሩ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ መስመሩን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከመተሐራ እስከ ወለንጪቲ ያለውን መንገድ የጫነ መኪና ሁሉ እየቀደማቸው ነው የጨረሱት። ጋራዡ ውስጥ ገና መኪናውን ሳያጠፉ፣ «ልጄ፣ ሰልችቶኛል። ዝም ብለህ ዝጋልኝ» አሉኝ።

«መዝጋት» የሚሉት የዩሪያውን ሲስተም በሶፍትዌር ማጥፋትን ነው። የሚሠሩት አሉ። እኔ አልሠራም። ያ ሲስተም የተገጠመው ከናፍጣ ሞተር የሚወጣውን ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ለመቀነስ ነው። እነዚህ መኪኖች ደግሞ የሚያልፉት ልጆቻችን ትምህርት ቤት በሚመላለሱበት መንገድ ነው። ደግሞም ችግሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መዝጋት ጥገና አይባልም።

ሹፌሩ ግን ቢሰለቹ አይፈረድባቸውም። ቀደም ብሎ ሌላ ጋራዥ ገብተዋል። መኪናው ኮምፒውተር ተደረገ፤ «የዩሪያ ጥራት ጉድለት» የሚል ኮድ ወጣ። ዩሪያው ተደፍቶ አዲስ ተሞላ። መብራቱ ጠፋ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ በራ። ቀጥሎ በጭሱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ኦክሳይድ (ኖክስ) የሚለካው የኋላው የኖክስ ሴንሰር ተቀየረ። ለሴንሰሩ የወጣው ብር ቀላል አይደለም። መብራቱ አሁንም አልጠፋም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ኮዱ ምን እያለ እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ዩሪያ ወይም አድብሉ የምንለው ፈሳሽ 32.5 በመቶው ንጹሕ ዩሪያ ነው፤ የቀረው ከማዕድን የጸዳ ውሃ። የጋለ ጭስ ማውጫ ውስጥ ሲረጭ ወደ አሞኒያ ይቀየራል። አሞኒያው ጭሱን በሚያጸዳው ክፍል፣ ካታሊስቱ ውስጥ፣ ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጋር ይገናኝና ናይትሮጅንና ውሃ ይሆናል። ከካታሊስቱ በፊት አንድ፣ ከኋላው ሌላ የኖክስ ሴንሰር አለ። አንዳንድ መኪና ታንከሩ ውስጥ የጥራት ሴንሰር አለው፤ ይሄኛው አልነበረውም። እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ኮምፒውተሩ ጥራቱን የሚገምተው ከሁለቱ የኖክስ ሴንሰሮች ልዩነት ነው። ኖክሱ የሚገባውን ያህል ካልቀነሰ «ዩሪያው መጥፎ ነው» ይላል። ዩሪያውን ግን አልቀመሰውም። የሚረጨው መጠን ቢያንስ፣ ጭስ ማውጫው ቢያፈስ፣ ካታሊስቱ ቢደክም ወይም ሴንሰር ቢሳሳት ያው ኮድ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ከርካሹ ጀመርን። ከታንከሩ ጥቂት ጠብታ ወስጄ ውስጡ ያለውን የዩሪያ መጠን በሚለካ መሣሪያ፣ በሪፍራክቶሜትር አየሁት። ደረጃው የሚፈቅደው ከ31.8 እስከ 33.2 በመቶ ነው፤ የሳቸው እዚያ መሐል ነው። ናፍጣ እንዳልገባበትም በመመርመሪያ ወረቀት አረጋገጥን። ዩሪያው ንጹሕ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። የእርሻ ማዳበሪያ ዩሪያ በቧንቧ ውሃ በጥብጠው የሚሞሉ አሉ። እባካችሁ ይቅር። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ባዕድ ነገርና የቧንቧ ውሃው ካልሲየም ካታሊስቱ ላይ ይቀመጣል፤ አጥቦ ማውጣትም አይቻልም። የካታሊስት ዋጋ ደግሞ ከሴንሰሩ ጋር አይወዳደርም።

ቀጥሎ ሴንሰሮቹ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ እያለ በኮምፒውተር ርጭቱን አቆምነው። ካታሊስቱ ውስጥ የተጠራቀመው አሞኒያ እስኪያልቅ ጠበቅን። ርጭት ከሌለ የሚገባውና የሚወጣው ኖክስ ተቀራራቢ መሆን አለበት። ሁለቱ ሴንሰሮች ተቀራረቡ። ርጭቱን ስንመልሰው የኋላው ንባብ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ወረደ ለማለት እንኳን አይበቃም።

ያኔ ዓይናችን ወደ ርጭቱ ዞረ። መርጫውን ከጭስ ማውጫው ፈትተን፣ አፉን ልኬት ባለው ዕቃ ውስጥ አድርገን የመጠን ፍተሻውን አስጀመርነው። የአምራቹ መመሪያ ከሚለው ሲሶውን እንኳ አልሞላም። ስክሪኑ ላይ ግን የፓምፑ ግፊት ልክ ነው። ወሳኙ ነገር ይሄ ነው። ፓምፑ ቢደክም ወይም ፊልትሮው ቢደፈን ግፊቱ ይወርድ ነበር። ግፊቱ ሞልቶ የሚወጣው ካነሰ የተደፈነው ከፊት፣ መርጫው አፍ ላይ ነው።

መርጫውን ገልብጬ አየሁት። ጫፉ ላይ ነጭ ቅርፊት ይዟል። በጥፍሬ ስነካው እንደ አሞሌ ጨው ጠንካራ ነው። ቀዳዳዎቹ ከግማሽ በላይ ተሸፍነዋል። ይህ የረጋ ዩሪያ ነው፤ ለማጠብ ቤንዚንም ናፍጣም አያስፈልገውም። ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍነው። ቅርፊቱ ሟሟ። ፍተሻውን ደገምን፤ መጠኑ ሞላ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አዲስ ጋስኬት ይዞ ሊገጥም ተነሳ። እኔ ግን ያልተመለሰ ጥያቄ ነበረብኝ። ጥሩ ዩሪያ፣ ጤነኛ ፓምፕ፣ ታዲያ ምን አረጋው? እንዲሁ ብንሸኛቸው ተመልሰው እንደሚመጡ ርግጠኛ ነበርኩ። መርጫውን ገጥመን ሞተሩ ከተነሳ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ማታ ሲያቆሙ እንዴት እንደሚያጠፉት እስቲ ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ቁልፉን አጠፉ። ወረዱ። ቀጥ ብለው ሄደው የባትሪውን ማጥፊያ ዘጉ። ከታንከሩ ጎን እዝዝ ማለት የጀመረው ፓምፕ ወዲያው ጸጥ አለ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«አዎ። ባትሪ እንዳይወርድ ብሎ ባለቤቱ ነው ያዘዘኝ» አሉ።

እዝዝ ያለው ነገር ያለ ምክንያት አልነበረም። ቁልፉ ከጠፋ በኋላ ፓምፑ በመስመሩና በመርጫው ውስጥ የቀረውን ዩሪያ ወደ ታንከር ይመልሳል። እንደ መኪናው ዓይነት 1 ወይም 2 ደቂቃ ይፈጃል። ባትሪው ከተቆረጠ ፈሳሹ እዚያው ይቀራል። ጭስ ማውጫው ገና የጋለ ነው። ውሃው ይተናል፣ ዩሪያው ይረጋል። ሚሌና ሰመራ ላይ በዚያ ሙቀት በየማታው ይህ ሲደጋገም ቅርፊቱ ይወፍራል።

ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ፣ «ታዲያ ይህን የሚነግረን ሰው እንዴት ይጥፋ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። መኪናው ሲገዛ ቁልፍ ይሰጣል፤ ስለዚህ ነገር ግን ለሹፌሩ የሚያስረዳ የለም። ጥፋተኛ አድርጌ ያየኋቸው እሳቸውን አይደለም።

ጭነቱ ሳይራገፍ በአሮጌው የሞጆ መንገድ ወጣን። ባዶ መኪና ለዚህ ፍተሻ አይሆንም፤ ጭሱ ወደ 200 ዲግሪ ካልሞቀ ርጭቱም አይጀምርም። ሞቆ መርጨት ሲጀምር የኋላው ኖክስ ቁልቁል ወረደ። ጉልበቱ ተመለሰ። የተነሳውን አሮጌ ሴንሰር ጋቢና ውስጥ አስቀምጠውት ስለነበር እሱንም ገጥመን ሞከርነው፤ ጤነኛ ነበር። መለዋወጫ ይሁንዎት ብዬ መለስኩላቸው።

የመኪናው ባለቤት ሌሎች መኪኖችም ስላሉት ደወልኩለት። ማጥፊያ ይቅር አላልኩትም፤ የባትሪው ስጋት እውነት ነው። ሹፌሮቹ ቁልፉን አጥፍተው ጎማ ይዩ፣ ሸራውን ያጥብቁ፤ ማጥፊያውን ከዚያ በኋላ ይዝጉ አልኩት። ማጥፊያው አጠገብ ትንሽ መብራት ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቁ። በሳምንቱ ከመኪኖቹ አንዱን ላከልኝ። መርጫው ላይ ቅርፊቱ መያዝ ጀምሯል፤ ኮድ ግን ገና አላወጣም። አጥበን ሰደድነው።