«ስህተት ተፈጥሯል» ያልኩ ጊዜ

እሁድ ማታ።

የሰፈራችን እቁብ ጸሐፊ ከሆንኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። 24 ነን። በሳምንት 1,000 ብር እንጥላለን፣ ዕጣ የወጣለት 24,000 ብር ይዞ ይሄዳል። ቀድሞ የወጣለት ተበዳሪ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ደግሞ ግማሽ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ሲያበድር ይከርማል። ያለ ወለድ! ዋስ አለ፣ ዳኛ አለ፤ ግን ማንም ከማንም ጋር ፍርድ ቤት መቆም አይፈልግም።

ከአራት ሳምንት በፊት ያልከፈሉትን ሳነብ የአንዲት እናት ስም ወጣ። 100 ብር ቅጣትም ጨመርኩበት። ምንም አላሉም። ነጠላቸውን አጣፍተው ቶናው ሳይደርስ ሄዱ። ማታ ብሩን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አገኘሁት። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ የሰጡኝ ነው፣ በላስቲክ እንደታሰረ።

እኔ ታዲያ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «መዝገቡ ላይ ስህተት ተፈጥሯል፣ ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ። ተፈጥሯል! ዝናብ ጥሎ ያበላሸው ይመስል።

በሳምንቱ እሳቸው ብሩን በልጅ ላኩ። ቀጥሎ ሌሎች ሦስት ሰዎችም በልጅ መላክ ጀመሩ። አንዱ አርፍዶ መጣና ቅጣት ስለው «መዝገብህ ልክ መሆኑን በምን ልወቅ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዳኛችን ለብቻዬ ጠርቶ «አንተ ጻፍክ እንጂ ይቅርታ መች ጠየቅክ?» አለኝ።

ገጠር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት እንደሚቆም ስሰማ፣ ድንጋዩ ምን ያደርጋል እል ነበር።

ዛሬ ቤታቸው ሄጄ ለምኜ አመጣኋቸው። ሁሉም ባሉበት ተነሣሁ። «እማማ፣ አጥፍቻለሁ። ከፍለውኛል፤ ብሩ እኔ ኪስ ነበር። ቅጣቱ የኔ ነው» ብዬ 100 ብር አስቀመጥኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ለመቶ ብር!

ትንሽ አዩኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ልጄ። ተቀመጥ፣ ቡናህ ቀዘቀዘ።»

ያ ቅጣት አልከፍልም ያለው ሰውዬ ምንም ሳይናገር ኪሱ ገባ። እኔም ሳላየው ጻፍኩለት።

ሲወጡ በር ላይ ጠሩኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ስሰጥህ እዚያው ፊቴ ጻፍ፤ እኔም እፈርማለሁ። መነጽሬን ይዤ ነው የምመጣው።»