ከሰኔ 2011 በፊት የተሠራ ጥሩር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የጌም ቤት የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ በነበርኩበት ጊዜ የማይንክራፍት ሰርቨሩን፣ ማለትም ልጆቹ በብሎክ የተሠራውን የጨዋታ ዓለም አንድ ላይ የሚጫወቱበትን ኮምፒውተር፣ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። መጠበቅ ማለት መብራት ሲጠፋ ወደ ጄኔሬተሩ መሮጥ፣ ማታ ማታ የዓለሙን ቅጂ በሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ፣ በተረፈው ሰዓት ደግሞ «ሣጥኔን ዘረፈኝ» እያሉ የሚናከሱ ልጆችን መገላገል ነው።

ዓለሙ ከቤቱ ዕድሜ ይበልጥ ነበር። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በፍላሽ አምጥቶ ትቶት የሄደውን ከእትም ወደ እትም እያሻገርን 1.16 አድርሰነዋል። እንዲህ ያለ ዓለም ዛሬ የማይገኝ ዕቃ አያጣም። ልጆቹ የሚሰበሰቡበት ቤት ጣሪያው የኦክ እንጨት ይመስላል፤ ነገር ግን እሳት አይበላውም፣ ለማንሳትም ዶማ እንጂ መጥረቢያ አይሆነውም። እስከ ሐምሌ 2004 ድረስ የእንጨት ግማሽ ብሎክ በጨዋታው ውስጥ የተመደበው ከድንጋይ ወገን ነበርና። በ1.3.1 እትም የሚቃጠለው እንጨት ሲመጣ የድሮው እንዳለ ቀረ፤ ሐምሌ 2010 በወጣው 1.13 ደግሞ ድንጋይ የሆነ ኦክ ተብሎ ለብቻው ስም ወጣለት። አሁን የሰርቨሩ አስተዳዳሪ በሚጽፈው ትእዛዝ ካልሆነ በቀር ማንም ሠርቶ አያገኘውም። ኢንፊኒቲ እና ሜንዲንግ የሚባሉት አስማቶች አንድ ላይ ያሉበት ቀስትም ነበረን። ከየካቲት 2008 ጀምሮ ሁለቱን ማጣመር ይቻል ነበር፤ ታኅሣሥ 2009 ላይ ተከለከለ፤ ቀድሞ የተሠራው ግን አልተነካም። አንድ ፍላጻ ይዞ እስከ ዕለተ ሞቱ የሚተኩስ፣ ሲያረጅ ራሱን የሚጠግን ቀስት ነው።

የቡሬው ልጅ ጥሩር የእነዚህ ሁሉ አለቃ ነበር። 1.14 ከወጣበት ከሚያዝያ 2011 ጀምሮ 1.14.3 እስከ ወጣበት ሰኔ ድረስ አራቱን የጥበቃ አስማቶች፣ ማለትም አጠቃላዩን፣ የእሳቱን፣ የፍንዳታውንና የፍላጻውን፣ በአንድ የአልማዝ ጥሩር ላይ በመስፉ መደራረብ ይቻል ነበር። በሰኔ በሩ ተዘጋ። ልጁ በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ሙሉ ልብስ አዘጋጅቶ በኤንደር ሣጥኑ፣ ውስጡን ከእርሱ በቀር ማንም በማያየው ሣጥን፣ ቆልፎ አስቀምጧል። በበዓል ቀን ብቻ አውጥቶ ይለብሰዋል።

በዚህ መሐል ባለቤቱ አንድ አዲስ ባልደረባ ቀጠሩልኝ። ከእኔ የሚበልጥ ዲግሪ የነበረው፣ እርሱንም የማይደብቅ ሰው ነው። በገባ በሳምንቱ ሰርቨሩ «ሕገወጥ ዕቃ» እንደ ሞላበት ደረሰበት። አንድ ፕለጊን፣ ማለትም በሰርቨሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ጫነ፤ ፕለጊኑ እያንዳንዱን ዕቃ ከዛሬው ሕግ ጋር ያስተያያል፣ ያልገጠመውን ያጠፋል። ለእኔ አልነገረኝም። (የጨዋታው የራሱ ፈቃድ እኛ ቤት በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር ሳስብ ስለ ሕገወጥነት የሰጠውን ማብራሪያ በቁም ነገር ለመስማት ተቸግሬአለሁ።)

ቅዳሜ የቡሬው ልጅ ኤንደር ሣጥኑን ከፈተ። ከዚያ በኋላ የተሰማውን ጩኸት ከታች ያሉት ጨርቅ ነጋዴዎችም ያስታውሱታል።

ባለቤቱ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የኖሩ ናቸው። ስለ ጌም የሚያውቁት በሰዓት ስንት ብር እንደሚከፈል ብቻ ነው። ነገር ግን ጎጃም ነውና ክርክር ሲሰሙ ወንበር ይስባሉ። ልጁን ከሳሽ፣ ባልደረባዬን ተከሳሽ፣ እኔን ባለሙያ ምስክር አድርገው አስቀመጡን።

«ይህ ልብስ ሲሠራ ክልክል ነበር?» አሉኝ።

«አልነበረም፣ ጋሼ።»

«ኋላ የከለከለው ሕግ በእጅ ያለውን አስረክቡ ብሏል?»

«አላለም። አዲስ እንዳይሠራ ከለከለ እንጂ ያለውን ትቶታል።»

መነጽራቸውን አውርደው ወደ ባልደረባዬ ዞሩ። «ታዲያ አንተ ከሕግ አውጪው ትበልጣለህ?»

ባልደረባዬ ለሌሎቹ ልጆች ተቆርቋሪ ሆኖ ቀረበ። ልብሱ አይበሳም፣ ጨዋታው ሚዛኑን አጥቷል፣ ድሃው በምን ይዋጋል አለ። እዚህ ላይ ምስክርነቴን ሳልጠየቅ ቀጠልኩ። በሰይፍ ለሚመታ ሰው የሚሠራው አጠቃላዩ ጥበቃ ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ በአራተኛ ደረጃ ሙሉ ልብስ ላይ ማንም ልጅ ዛሬም አስገብቶ 64 በመቶውን ጉዳት ይቀንሳል። ሌሎቹ ሦስቱ የሚጠቅሙት ለእሳት፣ ለፍንዳታና ለፍላጻ ነው፤ በዚያም ቢሆን አስማት ከ80 በመቶ አልፎ እንዲቀንስ ጨዋታው አይፈቅድም። ስለዚህ በሰይፍ ፍልሚያ ልጁ ከጎረቤቱ የሚበልጥበት አንዳች ነገር የለም። ባለቤቱ መቶኛው አልገባቸውም፤ ባልደረባዬ መልስ ማጣቱ ግን ገባቸው።

«ይመለስለት» ብለው ወሰኑ።

ባልደረባዬ ፈጣን ነው፤ ይህን አልክድም። ውሳኔው ከአፋቸው ሳይወርድ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈና ያንኑ ጥሩር፣ ያንኑ አራት አስማት፣ ያንኑ ደረጃ ልጁ እጅ ላይ አስቀመጠው። ልጁ ገልብጦ አየው፣ ወደ ላቫው ጠጋ አለና ወረወረው። አልማዝ በላቫ ይነዳል።

«ምን ሆንክ? ያው ነው እኮ!»

«ያው ከሆነ ዛሬ ለመጣው ሁሉ ስጠው።»

«ለሁሉም ብሰጥማ ምን ዋጋ ይኖረዋል?»

«እንግዲህ» አለ ልጁና ወደ ባለቤቱ ዞረ። ዳኛ የሚያይ ጠበቃ ነበር የሚመስለው። ባለቤቱም በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጉዳዩ የገባቸው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

መላውን ዓለም ከሐሙስ ማታው ቅጂ መመለስ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የሌሎቹ ልጆች የዓርብ ሥራ ሁሉ ይጠፋል። ኤንደር ሣጥን ግን እንደ ተራው ሣጥን ከመሬቱ ጋር ሳይሆን በተጫዋቹ የራሱ ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ፕለጊኑን ዘጋሁና ያንን አንድ ፋይል ብቻ ከሃርድ ዲስኩ አንስቼ ተካሁት። ልጁ ተመልሶ ገባ፣ ሣጥኑን ከፈተ፣ አንድ በአንድ አየ፣ አጫፋሪዎቹ እልል አሉ። እኔም የቀኑ ጀግና ሆኜ ሻይ ተጋበዝኩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ማታ ገመድ ስንጠቀልል ባልደረባዬ ድምፁን ሳያነሳ እንዲህ አለኝ፦ «የአንተም እኮ ቅጂ ነው። ዋናው ዓርብ ማታ ጠፍቷል። ከሃርድ ዲስክ የወጣውና በትእዛዝ የተጻፈው ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«የእኔው ታሪክ አለው» አልኩት።

«ታሪኩ የት ተጽፏል? ፋይሉን ክፈትና አሳየኝ።»

ዝም አልኩ። የጨዋታው ዕቃ የተሠራበት ቀን አይጻፍበትም።

መልሱ የመጣልኝ እርሱ ለቅቆ ባንክ ከገባ በኋላ ነው። (ሲስተም የለም ተብዬ በተሰለፍኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።) አንድ ዕቃ መስፍ ላይ በሠሩት ቁጥር ቀጣዩ ሥራ የሚያስከፍለው ይጨምራል፤ 1፣ 3፣ 7፣ 15 እያለ ያድጋል፤ ይህ ቁጥር በዕቃው ላይ ተጽፎ ይኖራል። የልጁ ጥሩር አራት አስማት ሲሸከም ስንት ጊዜ መስፍ ላይ እንደወጣ የሚመሰክር ቁጥር ነበረው፤ ከዚያም ላይ ለብሶት ያለቀው ዕድሜ አለ። በትእዛዝ የመጣው አዲስና ንጹሕ ነበር፣ ምናልባት ልጁ ገልብጦ ሲያየው ያወቀውም በዚህ ነው። ደስ ብሎኝ ስልክ አንስቼ ልደውልለት ስል ምን እንደሚለኝ ታወቀኝ፤ እነዚያንም ቁጥሮች ትእዛዙ ላይ መጨመር ይቻላል። ስልኩን አስቀመጥኩ።

ባለቤቱ ግን በማግሥቱ መፍትሔያቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ጠንካራ ልባስ ያለው መዝገብ፣ ከነማኅተሙ። ዛሬ የማይገኝ ዕቃ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ፤ የተመዘገበውን ፕለጊኑ አይነካም። ቀስቱ ተመዘገበ፣ ጥሩሩ ተመዘገበ፣ ጣሪያው ሳይቀር በቁጥር ሰፈረ።

ሦስተኛ ቀን የደጀኑ ልጅ ሰይፉን አቀረበ። ስለቱ ደረጃ 32,767። ሕጋዊው ጣሪያ አምስት ነው! ከ2003 ጀምሮ ሕግ አልባ ሆኖ በሚታወቀው ቱቢቱቲ ሰርቨር ላይ ዝናው የወጣ ዓይነት ሰይፍ ነው፤ ቁጥሩም የመጣው ደረጃው በሚጻፍባት ባለ 16 ቢት ቦታ ላይ ሊሰፍር የሚችለው ትልቁ ስለሆነ ነው። በየትኛውም እትም፣ በየትኛውም መስፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር በሐቅ ተሠርቶ አያውቅም። እኔና ባልደረባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሆነን ተቃወምን።

«እናንተ በዚህ ሰይፍ ተመትታችኋል?» አሉ ባለቤቱ።

«እኛ አንጫወትም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ባለጉዳይ አይደላችሁም። የተመታ ልጅ ይቅረብ።»

ማንም አልቀረበም። የደጀኑ ልጅ ያን ዕለት ጠዋት ለሁሉም የሰዓት ከፍሎላቸው ነበር።

ባለቤቱ ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያም ማኅተሙን በትንፋሻቸው አሞቁት። «ተቃዋሚ አልቀረበም፤ ጸንቷል። የማኅተም አምስት ብር።»