እግሩን ሳይሆን ወገቡን እዩ

ሀርቨስትማን የሚባለውን ባለ ረጃጅም እግር ፍጥረት ለብዙ ጊዜ ሸረሪት ብዬ ነበር ደብተሬ ላይ የምመዘግበው፣ እግሩን ስቆጥር ስምንት፣ በቃ ሸረሪት ነው ብዬ አልፋለሁ። ጥፋቴ እዛ ላይ ነበር። ሸረሪት ፊትና ኋላዋን የሚያገናኝ ቀጭን ወገብ አላት፣ ይሄኛው ግን ወገብ ሚባል ነገር የለውም፣ ሰውነቱ እንዳለ አንድ ድቡልቡል ነው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ደሞ ጀርባው ላይ ትንሽዬ ጉብታ አለች፣ ከሷ ግራና ቀኝ አንድ አንድ አይን፣ በቃ ሁለት ብቻ፣ አብዛኛው ሸረሪት ግን ስምንት ነው ያለው። ድርም አይሰራም፣ ስለዚህ ኮርኒስ ጥግ ድር ላይ ተንጠልጥሎ ያያችሁት ባለ ረጅም እግር እሱ ሳይሆን ሸረሪት ነው።

አንዴ ፎቶ ላነሳው ብዬ በእግሩ ያዝኩት፣ እግሩን ጥሎልኝ ሄደ። የተቆረጠችው እግር ጣቴ ላይ ብቻዋን እየተንፈራገጠች ቆየች፣ ለካ ጠላትን የሚያዘናጋው እንደዛ ነው። ትልቅ ሆኖ ያጣው እግር ደሞ መልሶ አይበቅልም፣ ያውም የያዝኩት ከሁለተኛው ጥንድ ነበር፣ ከሁሉም ረጅሙና መንገዱን እየዳሰሰ የሚያውቅበት። በጣም ነው ያዘንኩት። አሁን ብርጭቆ አስቀምጬ ራሱ እንዲገባ ነው የማደርገው።

ሌላው ደሞ መጀመሪያ ላይ ቀን በፀሀይ እየፈለግኩ ስንት ሰአት አቃጥያለሁ መሰላችሁ። ሰውነታቸው ቶሎ ስለሚደርቅ ብዙዎቹ ቀን ቀን የበሰበሰ ግንድ ስር፣ ድንጋይ ስር፣ እርጥብ ቅጠል ውስጥ ነው የሚውሉት፣ ማታ በባትሪ ስወጣ ግን የዛፍ ግንድ ላይ ሲሄዱ አገኘኋቸው። አንዱ የሞተ ትል ላይ ቁጭ ብሎ እየቆራረሰ ሲበላ አየሁት፣ ሸረሪት እኮ ምግቧን አሟምታ ነው የምትመጠው፣ ይሄ ግን ጠጣሩን ይውጣል። መርዝም የለውም፣ ሲነካ ግን አንዳንዱ ከፊት እግሮቹ አካባቢ የሚሸት ፈሳሽ ይለቃል።

ዝርያውን በፎቶ መለየት ግን ከባድ ነው፣ ከ6,000 በላይ ናቸው። ፋላንጂየም ኦፒሊዮ የሚባለው ወንዱ አፉ ጋ ቀንድ የሚመስል ነገር ስላለው እሱን በድፍረት እፅፋለሁ፣ ሌላውን ሀርቨስትማን ብዬ ብቻ እተወዋለሁ። ግንድ ስትገለብጡ ደሞ እባካችሁ እንደነበረ መልሱት፣ ስሩ ያለው እርጥበት ከደረቀ እዛ መኖር አይችሉም።