ሉፕ ወይስ ቀዶ ሕክምና

ባጃጅ ትቼ በእግሬ መሄድ የጀመርሁት፣ ጎማው ኮብልስቶኑን በነካ ቁጥር ሕመሙ ከዳሌዬ እስከ ጭኔ ስለሚወርድ ነው። የወር አበባዬ በመጣ በሁለተኛው ቀን፣ ከቤቴ እስከ ጣና ዳር ያለችው አጭር መንገድ ሦስት ጊዜ ቁጭ ታሰኘኛለች። እናቴ «ስትወልጂ ይተውሻል፣ ልጄ» እያለች ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልታ፣ በነጠላ ጠቅልላ ሆዴ ላይ ስታኖርልኝ ዓመታት አለፉ፤ ውሃው ያስታግሳል፣ ትንቢቱ ግን አልሠመረም፤ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ።

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ አዴኖማዮሲስ ደግሞ በራሱ በማህፀን ጡንቻ ውስጥ የሚያድግበት ሕመም ሲሆን፣ እኔ ሁለቱም አሉብኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ኢንዶሜትሪዮሲስ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን ይይዛል። የሕመም ማስታገሻዬ ኢቡፕሮፌን ከምግብ ጋር መወሰድ ስላለበት፣ በጾም ወራት ከእንክብሉ ጋር እጣላለሁ (የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኝም ልቤ እሺ አላለኝም)።

አሁን የቀረቡልኝ አማራጮች ሆርሞን የሚለቅ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ) ማስገባት ወይም ማህፀኔን ማስወጣት ናቸው። ቀዶ ሕክምናው አዴኖማዮሲስን ከሥሩ ያነሣል፤ ከማህፀን ውጭ የበቀለው ግን አብሮ ካልተወገደ ሕመሙ ሊቀጥል እንደሚችል የተረዳሁት ሐኪሜን ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነው። ሉፑ በመጀመሪያዎቹ ወራት የደሙን አመጣጥ ሊያዛባ ይችላል፤ ሆኖም ካልተስማማኝ ይወጣልኛል፣ የወጣ ማህፀን ግን አይመለስምና ሉፑን አስቀድሜያለሁ። ቀጠሮዬ ሰኞ ጠዋት ነው፤ የሰፈራችንን ባለ ባጃጅ ቀስ ብሎ እንዲነዳልኝ ከወዲሁ ለምኜዋለሁ።