ኦፔራ፣ ቅዳሴ እና የቪየና ኑሮዬ

ኦፔራ እወዳለሁ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ብሩን ከየት ታመጣለህ ነው። አልቀመጥም እኮ፣ መልሱ ይሄው ነው። ስታትስኦፐር በሚባለው የቪየና ኦፔራ ቤት ውስጥ የቁም ቦታ የሚባል ነገር አለ፣ በጣም ርካሽ ነው፣ ቀደም ብለህ ትገባና ከፊትህ ያለው ብረት ላይ ሻርፕ ታስራለህ፣ በቃ ቦታው ያንተ ሆነ፣ ቡና ጠጥተህ ብትመለስ ማንም አይነካውም። አንድ ቀን ሻርፕ ስላልያዝኩ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ነጠላ አሰርኩት፣ አጠገቤ የምትቆም ከዛ ቤት የማትጠፋ አሮጊት ጥለቱን በጣቷ እየዳበሰች ከየት ነው አለችኝ፣ እናቴ ሽሮሜዳ ገዝታ የላከችልኝ ነው አልኳት፣ ከዛ ወዲህ ቀድማኝ ከደረሰች የኔንም ቦታ ትይዝልኛለች። ሶስት ሰዓት መቆም ደሞ ለኛ ምኑ ይከብዳል፣ ማህሌት ቆሞ ላደገ ሰው! መቋሚያ ቢፈቅዱልኝማ እስኪነጋ እቆማለሁ።

የጀመርኩት በኮሮና ጊዜ ነው፣ በፈረንጆቹ 2020፣ ሁላችንም ቤት ተዘግቶብን የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት በየማታው አንድ ኦፔራ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይለቅ ነበር። መጀመሪያ ጩኸት ነበር የመሰለኝ፣ እማዬ ስልክ ላይ ሰምታ «ልጄ ማን ሞቶባቸው ነው» ብላኛለች። የያዘኝ ናቡኮ የሚባለው የጣሊያናዊው ቨርዲ ኦፔራ ነው፣ 1842 ሚላን ላይ ነው መጀመሪያ የታየው፣ ባቢሎን የተማረኩት እስራኤላውያን ስለ ሀገራቸው በህብረት የሚዘምሩበት ቦታ አለ፣ ስሰማው እንዴ ይሄማ መዝሙር 136 ነው አልኩ፣ የኔታ ጋ «ውስተ አፍላገ ባቢሎን» እያልን በቃላችን የያዝነው። ከዛ በኋላ ዘዴዬ አንድ ነው፣ ታሪኩን አስቀድሜ አነባለሁ፣ ከዛ ያንኑ አንድ ኦፔራ ትራም ላይም ስራ ላይም እስኪሰለቸኝ እሰማለሁ፣ የምሰራው ሆስፒታል ኩሽና ስለሆነ እጄ እቃ ሲያጥብ ጆሮዬ ስራ ፈት ነው፣ በመጨረሻ ሄጄ ቆሜ አየዋለሁ። ሳታውቀው ዝም ብለህ ብትገባ ግን ሶስት ሰዓት ስክሪኑ ላይ ያለውን ትርጉም ስታነብ ትወጣለህ።

የቨርዲን አይዳ ሁሉም ይጠይቀኛል፣ ባለታሪኳ ኢትዮጵያዊት ልዕልት ስለሆነች። ሙዚቃው ይጣፍጣል፣ ግን ያዘዘው የግብፁ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል ነው፣ ታህሳስ 1871 ካይሮ ላይ ታየ፣ እዛ መድረክ ላይ እኛ ተሸንፈን እንማረካለን፣ ሰውዬው ከአራት ዓመት በኋላ የምር ጦሩን ላከና ጉንደት ላይ ምን እንደገጠመው ታውቃላችሁ፣ ጉራዕ ላይም ደገመው። እሱን በኦፔራ ሲሰሩት ግን እኔ አላየሁም።

እኔን የለወጠኝ ግን ፑሌንክ ስለ ካርሜላውያን መነኮሳት የሰራው ኦፔራ ነው (1957)። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው፣ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ 1794፣ ከኮምፒዬኝ ገዳም የተወሰዱ 16 ሴቶች ፓሪስ ላይ በጊሎቲን አንገታቸው ተቆረጠ። መጨረሻው ላይ ለእመቤታችን ሳልቬ ሬጂናን እየዘመሩ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ስለቱ ሲወርድ ይሰማል፣ በወረደ ቁጥር ከህብረቱ አንድ ድምፅ ይጎድላል፣ እያነሰ እያነሰ ሄዶ አንዲት ብቻ ትቀራለች፣ ከዛ ብላንሽ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራ የኖረችውና ከገዳሙ ያመለጠችው ልጅ፣ ከህዝቡ መሀል ወጥታ እየዘመረች ትከተላታለች። ስንክሳር ሲነበብ እኮ በሰይፍ አንገቱን ተቆረጠ የሚለውን ስንቴ ሰምተነዋል፣ እኔ በበኩሌ እንደ አየር ሁኔታ ዜና ነበር የሚያልፈኝ። አሁን አላልፈውም፣ ዲያቆኑ ሲያነብ ያኛው ድምፅ መጉደሉ ይሰማኛል። ፈሪ ሰው ሰማዕት መሆን እንደሚችል ደሞ እውነት ለመናገር ከስብከት አልሰማሁም።

ዘፈን ነው ኃጢአት ነው የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ፣ ገላትያ 5ን ይጠቅሱልኛል፣ አልከራከርም። ኦፔራ ፀሎት ነው ብዬም አላውቅም፣ ለማየት የከፈልኩበት ትያትር ነው። እንደውም የዋግነር ኦፔራ ፓርሲፋል ላይ፣ እዚህ በፋሲካቸው ሰሞን ነው የሚያሳዩት፣ መድረክ ላይ እንደ ቁርባን ያለ ስርዓት ይሰራሉ፣ ዋግነር የፈለገውን ይበል እኔን አልተመቸኝም፣ አይኔን ወለሉ ላይ ተክዬ ነው ያሳለፍኩት። የተማርኩት ሌላ ነገር ነው፣ መስማት። አንድ ሰው ያለ ማይክ ያን ሁሉ ኦርኬስትራ አልፎ ላይኛው ጋለሪ ድረስ ይደርሳል፣ እኛ ቤተክርስቲያን ትንሽዬ አዳራሽ ውስጥ ስፒከሩን እስከመጨረሻው ከፍተን ኤኮ ጨምረንበት ያን የመሰለ የእዝል ዜማ እናበላሸዋለን፣ ብናገር ማን ይሰማኛል።

አቢይ ፆም ሲገባ ትኬት አልገዛም። የንስሐ አባቴ አዘውኝ አይደለም፣ ቤተክርስቲያን ራሷ ከበሮና ፀናፅሏን አስቀምጣ በፆመ ድጓው ብቻ ስትቆይ እኔ ቨርዲ ጋ ብሄድ ደስ አይለኝም። ትንሳኤ ካለፈ በኋላ ግን ናፍቆቱ ሌላ ነው!

ልጀምር የምትሉ በዋግነር እንዳትጀምሩ፣ ናቡኮ ወይ ላ ቦኤም ይሻላችኋል። ጫማ ደሞ ምቹ አድርጉ፣ እግሩን ማንም አያይባችሁም፣ ጨለማ ነው።